አስቸኳይ! ኤክሴል የልጆቹን ዕድሜ ወደ ቀን ቀየረብኝ

ነርስ ከሜሪላንድ፦ ወገኖች ድረሱልኝ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ራስን ስለማጥፋት ለወላጆች ገለጻ አለኝ። ቁጥሩን በዕድሜና በፆታ ከፍዬ ኤክሴል ላይ ስለጥፈው «10-14» የሚለው «14 ኦክቶበር» ሆነ። ሌሎቹ ደህና ናቸው። ደግሞ የ2022 ምጣኔ ሠንጠረዡ ላይ 14.2 ይላል፣ እኔ ሳሰላው 14.8 ይመጣል። የቱን ልያዝ? ርዕሴ «ከሁሉም በላይ የሚሞቱት ወጣቶች ናቸው» የሚል ነው።

ታዛቢ፦ የየት አገር ቁጥር ነው?

ነርስ ከሜሪላንድ፦ ይቅርታ፣ የአሜሪካ ነው። ከሲዲሲ፣ ከመንግሥት የበሽታ መከላከያ መሥሪያ ቤት።

የሰፈር ልጅ፦ ኮምፒውተሩን አጥፍተሽ አብሪው። የኔ ሁሌ እንደዚያ ነው የሚስተካከለው።

መምህሩ፦ እህቴ፣ ሁለቱም ቁጥር ልክ ነው። በ2022 ራሳቸውን ያጠፉት 49,476 ናቸው። ወደ 333 ሚሊዮን ለሚጠጋው ሕዝብ ስታካፍይው ከ100,000 ሰው 14.8 ይሆናል። ይሄ ጥሬው ነው። 14.2 ደግሞ በዕድሜ የተስተካከለው ነው፤ ማለትም የሕዝቡ የዕድሜ ስብጥር በየዓመቱ አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ የሚመጣው። ሕዝቡ እያረጀ ሲሄድ ጥሬው ቁጥር አብሮ ይቀየራል፤ ስለዚህ ዓመትን ከዓመት ስታወዳድሪ የተስተካከለውን ያዢ። በ2000 10.4 ነበር። በ2018 14.2 ደረሰ። በ2020 ወደ 13.5 ወረደና በ2022 ተመልሶ 14.2 ሆነ። ሁለቱን አንድ ግራፍ ላይ እንዳትቀላቅያቸው አደራ።

ታዛቢ፦ ርዕሱ ግን ልክ አይደለም። ምጣኔው ከሁሉም ከፍ ያለው 75 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ወንዶች ነው፣ ከ100,000 ከ40 በላይ። አባቶቻችን እዚያው አዳራሽ ተቀምጠው ስለ እነሱ ምንም ሳይነሳ ሊቀር ነው?

ነርስ ከሜሪላንድ፦ እውነትህን ነው፣ እቀይረዋለሁ። ግን ልጆቹን መተው አልችልም። በ2022 ከ10 እስከ 14 ዓመት ካሉት መካከል ሁለተኛው የሞት ምክንያት ይሄ ነው። ኤክሴል ያበላሸብኝም ይሄንኑ መስመር ነው።

የሰፈር ልጅ፦ ሴሉን (ሳጥኑን) ከቀን ወደ ቴክስት (ጽሑፍ) ቀይሪው፤ ሴሉን ቴክስት አድርጊው።

ነርስ ከሜሪላንድ፦ አደረግኩት። አሁን 45579 የሚል ቁጥር መጣ!

ወንድም ጋሼ፦ እህቴ፣ አትቀየሚኝና እንዲህ ያለውን ነገር በቤተ ክርስቲያን ባናነሳው ይሻላል። ያላሰበውን ልጅ ማሳሰብ ነው። ጸሎት ይበቃል።

የሁለት ልጆች እናት፦ ወንድም ጋሼ፣ እኔም እንደዚያ እፈራ ነበር። ነገር ግን መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም። የጨነቀው ልጅ የሚጠይቀው ሰው ሲያገኝ ይቀለዋል። ጸሎቱም ይኑር፣ ጥያቄውም ይኑር።

የሰፈር ልጅ፦ ሴሉን ቴክስት አድርጊው አልኩ እኮ።

ቡና ቁርስ፦ ካበላሸው በኋላ ቴክስት ማድረግ አይሠራም። 45579 ማለት ኤክሴል ያንን ቀን በውስጡ የሚቆጥርበት ቁጥር ነው። ያንን ሴል አጥፊው። መጀመሪያ ዓምዱን ቴክስት አድርጊ፣ ከዚያ 10-14ን እንደ አዲስ በእጅሽ ጻፊው። «15-24» ያልተበላሸው 15ኛ ወር ስለሌለ ነው።

መምህሩ፦ ስለ ፆታ አንድ ነገር ልጨምር። በ2022 ከ100,000 ወንዶች 23.0፣ ከ100,000 ሴቶች 5.9 ነበሩ። አራት እጥፍ ገደማ ነው። ይህን ያየ ወላጅ «ሴት ልጄ ደህና ናት» ብሎ ይሄዳል። ሙከራው ግን በሴቶች ይበዛል። ይህን አፍ አውጥተሽ ካልተናገርሽ ግራፉ ያሳስታል።

የሁለት ልጆች እናት፦ የነርሷ ጥያቄ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ልጠይቅ። ልጄ 13 ዓመቷ ነው። ወር ሆናት፣ በሯን ዘግታ ነው የምትውለው። የምትወዳቸውን ዕቃዎቿን ለጓደኞቿ እየሰጠች ነው። ምን ልበላት?

ነርስ ከሜሪላንድ፦ እናቴ፣ ዛሬውኑ አጠገቧ ተቀመጪ። «ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂያት፤ ሳትቆጪ ስሚያት። አዎ ካለችሽ ብቻዋን አትተያት፣ ራስን ስለማጥፋት ወደሚረዳው የአሜሪካ የስልክ መስመር 988 ደውይ። ነጻ ነው፣ ሌሊትም ይሠራል፣ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችያለሽ። አሁኑኑ አደጋ ካለ 911። ግራፉ ይቆየኝ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ቡና ቁርስ፦ ነርሷ፣ ገለጻው እንዴት ሆነ? እናትየዋስ?