ጥቆማ፦ ሄምፕ ላይ ገንዘብ ለማዋል ላሰባችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች

የእህቴ ልጅ ከኮምቦልቻ ደወለ። «ጋሼ፣ ሄምፕ የሚባል ተክል አለ አሉ። ልብስ ይሆናል፣ ዘይት ይሆናል፣ ግድግዳ ይሆናል። አሁን የገባ ሰው አለፈለት። እርስዎ ምን ይላሉ?» አንዱ በቴሌግራም «ቅድመ ምዝገባ» እያለ ብር እየሰበሰበ ነው። ሌላም የሚጠይቅ አይጠፋምና ያጣራሁትን ልጻፍ።

ከሕጉ ልጀምር። ሄምፕ ያው ካናቢስ ነው። ልዩነቱ የሚያሰክረው ንጥረ ነገር፣ ቲኤችሲ የሚሉት፣ በጣም ጥቂት መሆኑ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ሕግ ወሰኑ 0.3 በመቶ ነው። እኛ አገር ግን ካናቢስ መዝራት ወንጀል ነው። ማሳህ ላይ የቆመ ፖሊስ «ቲኤችሲው ስንት ነው?» ብሎ አይጠይቅህም። ስለዚህ ለምዝገባ ከምትከፍሉት ላይ ቀንሳችሁ አንድ ጠበቃ አማክሩ። «ማሳ አለን» የሚላችሁን ሰው ደግሞ ፈቃዱን አሳየኝ በሉት። ፈቃዱ «በሂደት ላይ ነው» ካለ ስልኩን ዝጉት።

በተፈቀደበት አገርስ? አሜሪካ ውስጥ ብዙ ገበሬ ሲቢዲ ለሚባለው፣ ከሄምፕ ለሚወጣው የማያሰክር ዘይት ብሎ ተረባርቦ ዘራ። ገዢው ግን የዘሪውን ያህል አልነበረም። የግብርና መሥሪያ ቤታቸው እንደቆጠረው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የአገሪቱ የሄምፕ ምርት ጠቅላላ ዋጋ 824 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2022 ወደ 238 ሚሊዮን ወረደ። በአንድ ዓመት! በዚያ ላይ ቲኤችሲው ከወሰኑ ትንሽ ካለፈ ያ ሁሉ ሰብል እንዳለ ወደ ገበያ አይወጣም።

ልጁ ግን አልተረታም። «ኮምቦልቻ እኮ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ አለ፣ በ2009 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም አለ» አለኝ። እውነቱን ነው። ነገር ግን የጥጥ መፍተያ ማሽን የተሠራው ክር ለሚፈተልበት አጭር ጭረት ነው። የሄምፕ ጭረት ረጅምና ሻካራ ነው። በዚያ ማሽን ለማለፍ መጀመሪያ ተቆራርጦና ለስልሶ ጥጥ መምሰል አለበት። ከዚያ በፊት ደግሞ አገዳው ማሳ ላይ ተኝቶ ልጡ እስኪላላ በጤዛ ይበሰብሳል፤ ከዚያ ልጡን ከእንጨቱ የሚለይ ሌላ ማሽን ያስፈልጋል። አብዛኛው አገዳ እንጨት ነው፤ ጭረቱ ከሲሶ አይበልጥም። አንድ አይሱዙ ስትጭን አብዛኛው ጭነትህ እንጨት ነው ማለት ነው። ማሽኑ ማሳው አጠገብ ካልሆነ ትርፉን የሚበላው ነዳጅ ነው።

እሺ፣ ሄምፕ ቀረ። ይኸው ሥራ በእጃችን ባለው ነገር አይሠራም?

እኔ ቃጫን አስቀድማለሁ። ሕግ አይከለክለውም፣ ድርቅ ይችላል፣ አጥር ላይም ይበቅላል። ባለፈው ዓመት ለከብት ማሰሪያ ብዬ ከደሴ የፕላስቲክ ገመድ ገዝቼ ነበር። ፀሐይ ላይ ከርሞ እንደ ደረቅ እንጀራ ተፈረፈረ፤ ጊደሯን ስፈልግ አመሸሁ። የቃጫ ገመድ ፀሐይ ይችላል። ጠላቱ እርጥበት ነው፤ ሳይደርቅ ከተጠቀለለ ይበሰብሳል። ስለዚህ ለውሃ መቅጃ ፕላስቲኩን፣ ለጭነትና ለከብት ቃጫውን ግዙ። ስትገዙ ገመዱን ፈታ አድርጋችሁ አሽትቱት። የሻገተ ከሸተተ ተዉት። ገንዘብ ለማዋል ከሆነ ደግሞ ችግሩ ቅጠሉ ሳይሆን ጭረቱን ከቅጠሉ ፍቆ የሚያወጣው መፋቂያ ነው። በእጅ መፋቅ ክንድ ይጨርሳል። አንድ መፋቂያ ማሽን ለአራት ለአምስት ሰው ቢሆን ያዋጣል ባይ ነኝ።

ሁለተኛው ተልባ ነው። የሄምፕ ፍሬ ኦሜጋ 3 በሚባለው ቅባት ምክንያት ይወደሳል፤ በዚህ በኩል ግን የእኛ ተልባ ይበልጠዋል። ከተልባ ዘይት ከግማሽ በላዩ እሱ ነው። በፕሮቲን ሄምፕ ይበልጣል፣ አልክድም። ሊኖ የሚባለው ጨርቅ የሚሠራውም ከረጅሙ የተልባ ዓይነት ነው፤ የእኛው ግን አጭርና ቅርንጫፋም ስለሆነ ለፍሬው እንጂ ለክር አይሆንም። ሰኞ ገበያ ስትገዙ የተፈጨውን ትታችሁ ፍሬውን ውሰዱ፤ ዱቄቱ ቶሎ ይመራል። የደጋውን ተልባ ደሴ መግዛት ይሻላል። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ስለሚመጣ ነጋዴው የትራንስፖርቱን ይጨምርበታል።

ከበግ ፀጉር የሚሠራው ባናም አለ። ለብርድ ከሆነ ደሴ ላይ ከእሱ የሚስተካከል አላየሁም። እንደ ንግድ ግን ሸማኔው ስለተመናመነ አልገፋችሁም።

ልጁን «ብርህን አታስይዝ» አልኩት። ብሩ ለጊዜው ባንክ ነው። ቅዳሜ የሚፋቅ ቃጫ ልናይ ወደ ሐርቡ እንወርዳለን። መፋቂያ ማሽን የሚሠራ ብረት ሠሪ ኮምቦልቻ ውስጥ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙን።