«ሁለገብ» ወይስ «ዘርፈ ብዙ»? ስለ ቦሪስ ቪያን

ጥያቄ፦ ስለ ፈረንሳዊው ቦሪስ ቪያን (እ.ኤ.አ. 1920–1959) አጭር የሕይወት ታሪክ እየጻፍኩ ነው። ሰውየው መሐንዲስ፣ ትራምፔት ነፊ፣ ደራሲ፣ ተርጓሚና የዘፈን ግጥም ጸሐፊ ነበር። «ሁለገብ» ልበለው ወይስ «ዘርፈ ብዙ»? አንድ ወዳጄ «ሁሉ አማረሽ» ብሎታል።

መልስ፦ «ዘርፈ ብዙ» ለችግር፣ ለትብብር፣ ለጥናት ይሁን። ለሰው «ሁለገብ» ነው የሚያምረው። ቃሉን ከ«ሁለት» ጋር የሚያያይዙት አሉ፤ የተጋጠሙት ግን «ሁሉ» እና «ገባ» ናቸው።

ሌላ መልስ፦ «ሁሉ አማረሽ»ን እቃወማለሁ። ገበያ አታውጧት የተባለችው ያየችው ሁሉ እያማራት አንዱንም በወጉ የማትይዘዋ ናት። ቪያን በ1942 ከኤኮል ሳንትራል በምህንድስና ተመርቆ በፈረንሳይ የደረጃዎች ማኅበር የመስታወት ዕቃዎች ክፍል ተቀጥሯል። በትርፍ ጊዜው ከክሎድ አባዲ የጃዝ ቡድን ጋር ይነፋ ነበር፤ ያውም ከልጅነቱ ልቡን እያመመው።

ደግሞ ሙያዎቹ እርስ በርሳቸው ይገባባሉ። በ1947 ባወጣው ልብ ወለድ ውስጥ «ፒያኖክቴል» የሚባል መሣሪያ አለ፤ ፒያኖና ኮክቴል ተዳቅለው። እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ መጠጥ አለው፤ አንዱ ፔዳል የተመታ እንቁላል፣ ሌላው በረዶ ይጨምራል። ዜማው ሲያልቅ መጠጡ ተቀላቅሎ ይቀርባል። እንዲህ ያለውን ነገር መሐንዲስም ሙዚቀኛም ያልሆነ ደራሲ ከየት ያመጣዋል? እኔ ደጋግሜ ባነበው አልጠግበውም።

ሌላ መልስ፦ ለቃል ወዳጆች አንድ ልጨምር። ፈረንሳዮች ሕዝብ አፍ የገባን ዘፈን «ቱብ» ይሉታል፤ የእኛው ቱቦ መሆኑ ነው። ቃሉን በዚህ ፍቺ ያስለመደው በፊሊፕስ የሙዚቃ ክፍል ይሠራ የነበረው ቪያን እንደሆነ ይነገራል። ግጥሙ እንደ ቱቦ ውስጡ ባዶ ነው ለማለት ነበር፤ ዛሬ ነቀፌታው ጠፍቶ ሙገሳ ሆኗል።

የራሱ ግጥም ግን ባዶ አልነበረም። ለፕሬዚዳንቱ ደብዳቤ የሚጽፈው ከዳተኛ ወታደር ዘፈን በ1954 ወጥቶ ከሬድዮ ታግዷል። መጀመሪያ መጨረሻው ላይ ወታደሩ «መሣሪያ አለኝ፣ መተኮስም እችላለሁ» ይል ነበር። ዘፋኙ ሙሉጂ ሲጫወተው ተለውጦ «መሣሪያ አልያዝም፣ ፖሊሶቹ መተኮስ ይችላሉ» የሚል ሆነ። ዘፈኑ በጦርነት ተቃዋሚዎች ዘንድ የቆየው በዚህኛው መልኩ ነው።

መልስ፦ እንግዲያው «ሁለገብ ደራሲ» ብለው አያጥብቡት። «ሁለገቡ ቦሪስ ቪያን» ብለው ይጀምሩና ከምህንድስናው ይነሡ።