የ1955 ፓካርድ ኋላዋ ወርዶ ቀረ፣ የሚያውቅ ይርዳኝ

እባካችሁ እነዚህን መኪኖች የነካካ ሰው ካለ ይተባበረኝ። መኪናዋ የ1955 ፓካርድ ናት፣ ቶርሽን ሌቭል (በሚጠማዘዙ ረጃጅም ዘንጎች የሚሠራ የጎማ ማንጠልጠያ) ያላት። የፊትና የኋላ ጎማዎችን የሚያገናኙት ረጃጅም ዘንጎች ደህና ናቸው። ያስቸገረኝ ጭነት ሲጨመር ከፍታዋን የሚያስተካክለው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው።

ኋላ ሰው ሲቀመጥ 7 ሴኮንድ ያህል ቆይቶ ሞተሩ ተነስቶ ኋላዋን ቀና ማድረግ ነበረበት። አሁን ግን የማንሻው ሶሌኖይድ (ለሞተሩ ኃይል የሚያገናኘው የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ቀጭ ይላል፣ ከዚያ ዝም። የሚገርመው ማውረዱን ያለምንም ችግር ያወርዳል፣ ስለዚህ ባትሪውንም የሞተሩን ቦዲ ማሰሪያም (ግራውንዱን) አልጠረጠርኩም። ሊሚት ስዊቹ (ሞተሩ ከልክ እንዳያልፍ የሚያቆመው ማብሪያ) ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሶሌኖይዱም ባልጮኸ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሶሌኖይዱን በቴስተር ስለካው በወፍራሙ ሽቦ መግቢያ 12 ቮልት አለ፤ ቀጭ ሲል ግን በመውጫው በኩል 3 ቮልት እንኳ አይሞላም። የመውጫው ብሎን አረንጓዴ ዝገት ይዞ ነበር፣ እስኪያብረቀርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፣ ለውጥ የለም።

እኔ የውስጡ ኮንታክት ተቃጥሏል ባይ ነኝ። ይሄ ሶሌኖይድ ተከፍቶ ይጠገናል ወይስ ሲከፈት ይሰበራል? ደግሞስ ሞተሩን ለመሞከር የሶሌኖይዱን ሁለት ወፍራም ብሎኖች ለአፍታ በኬብል ባገናኛቸው ሊሚት ስዊቹን ስለምዘለው ዘንጎቹን ከልክ በላይ ያጠማዝዛቸው ይሆን? ይሄን ሳላውቅ መንካት ፈርቻለሁ፣ በጣም የምወዳት መኪና ናት።