ኤንትሬ በ1/24፦ ጎማና ቸርኬው በሬዚን አልወጣ አለኝ፣ የሞከራችሁ እርዱኝ

የተሳቢ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም እንዴት ናችሁ። አዲስ አበባ ነኝ፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ አባቴ ይነዳት የነበረችውን ኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢዋ በ1/24 ሞዴል፣ ማለትም 24 ጊዜ አሳንሼ፣ እየሰራሁ ነው። ወረቀት ላይ ፊያት 682 ኤን 3 ትባላለች እንጂ ኤንትሬ ሳይላት የሚያልፍ ሰው አላውቅም። አባቴ እስከ 1990 ዓ.ም. የአሰብ መንገድ እስኪቆም ድረስ በዛ መስመር ነው የኖረው። አሁን አይኑ እየደከመ ነው፣ ሳይብስበት ጨርሼ በእጁ ላስይዘው ነው የምፈልገው።

ሻንሲው አልቋል፣ ባሌስትራውን ከፕላስቲክ ሺት ቅጠል በቅጠል ደርድሬ ሰርቻለሁ፣ ካቢኑም ጥሩ ላይ ነው። የቆምኩት ጎማ ላይ ነው። ሰው ከውጭ ያመጣልኝ ኪት (ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሞዴል) የዘመኑ ትራክ ስለሆነ ጎማው ዝቅ ያለና ሰፊ ነው፣ ቸርኬውም ትልቅ፣ ኤንትሬ ላይ ሳስገባው የሰው ጫማ ያደረገች ነው የምትመስለው። ስለዚህ ራሴ ልስራ አልኩ። መኪናዋ ስድስት ተሳቢዋ ስምንት ሁለት ስኮርታ ሲጨመር 16 ጎማ ማለት ነው፣ አንድ በአንድ ቀርጾ መጨረስ ስለማይቻል የግድ አንድ ማስተር (ዋና ናሙና) ሰርቶ በሞልድ (በቅርጽ ማውጫ) ማባዛት ነው።

ያደረኩትን ልንገራችሁ። ጎማና ቸርኬውን አንድ ላይ ከእንጨት አስጠርቤ ጥርሱን በቀጭን መጋዝ ቆረጥኩ። ሲሊኮን አፈሰስኩበት፣ ግማሹ ሲደርቅ ገልብጬ ሌላውን ግማሽ አፈሰስኩ፣ ሁለቱ ተጣብቀው አንድ ሆኑ በምላጭ ነው የከፈትኩት። ከዛ ለጌጣጌጥና ለጠረጴዛ የሚሸጠውን ኢፖክሲ ሬዚን (ከማድረቂያ ጋር ሲቀላቀል የሚጠነክር ፈሳሽ) ጥቁር ቀለም ጨምሬ ሞላሁት። ሲወጣ ጥርሱ ጫፍ ጫፉ ላይ በሙሉ ሽሮ ሲንተከተክ የሚተወው አይነት ቀዳዳ፣ ዳዶዎቹ ግማሾቹ የሉም፣ ጎኑ ደግሞ በሶስተኛው ቀንም ጣት ይይዛል። ሁለቴ ሞከርኩ ሁለቴም ያው።

አረፋውን ያለ ማሽን ማጥፋት ይቻላል ወይ? ጎማና ቸርኬውን ለየብቻ ነው ምትሰሩት ወይስ አንድ ላይ? ልኩንስ ከምን ተነስታችሁ ነው ምታወጡት፣ እኔ ከፎቶ ነው የገመትኩት። በናታችሁ የምታውቁ።

ቶርኖ ቤት

ወንድሜ ጥሩ ስራ ይዘሃል። ከልኩ ልጀምርልህ ምክንያቱም ጎማው ልኩን ከሳተ የቀረው ምንም ቢያምር መኪናዋ ኤንትሬ አትመስልም።

ፎቶ ተወው፣ ኮፐርቶኑ ጎን ላይ የተጻፈውን ነው የምታነበው። እስካሁን የሚሰሩ ኤንትሬዎች አሉ፣ ከቆሙበት ሄደህ ሹፌሩን አስፈቅደህ አንብብ። እኔ ያየኋቸው 12.00-20 ነው ያረጉት። ይሄ ጎማ ከመሬት እስከ አናቱ 1 ሜትር ከ12 ሳንቲም አካባቢ ነው፣ ለ24 ስታካፍለው 46.7 ሚሊ ይመጣልሃል። ወርዱ 12 ኢንች ገደማ ስለሆነ 13 ሚሊ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቸርኬው ላይ ነው፣ 20 ኢንች ሲባል ጎማው የሚቀመጥበት እንጂ በአይን የሚታየው ጠርዝ አይደለም። 20 ኢንቹ 21 ሚሊ ይሆናል፣ የቸርኬው ከንፈር ግን ከዛ ወጣ ስለሚል የሚታየውን 25 ሚሊ ገደማ አርገው። 21 አርገህ ከሰራኸው ጎማው ወፍሮ የትራክተር ይመስልብሃል፣ እኔ ላይ ደርሷል ስምንት ቸርኬ ጥያለሁ።

ሁለተኛ፣ ለየብቻ ስራቸው። አንድ ላይ ሲሆን ቸርኬው ውስጥ ያለው ጎድጓዳ አየር ይይዛል፣ ዳዶ ያጣኸው ለዛ ነው። ለየብቻ ሲሆን የፊቱን ቸርኬ የኋላውን ቸርኬ ሁለት ማስተር ትሰራለህ ጎማው ግን አንድ ነው፣ ለ16ቱም ይሆናል። ደግሞ ቀለም ስትቀባ በብሩሽ ጠርዝ እየተከተልክ አትሰቃይም።

እንጨት አይሁን። ሲሊኮን የጣት አሻራ እንኳን ይገለብጣል፣ የእንጨቱ ስር በሙሉ ጎማህ ላይ ይወጣል። ቁራጭ አክሪሊክ ይዘህ ቶርኖ ላይ ብታስይዘው 46.7ቱን በካሊፐር እየለኩ ያወጡልሃል፣ ጥርሱን ከዛ በኋላ በራስህ መጋዝ። ከመቁረጥህ በፊት ዙሪያውን ወረቀት ጠቅልለህ፣ ወረቀቱን ዘርግተህ እኩል ከፋፍለህ መልሰህ ለጥፈው፣ መስመሩን ተከትለህ ቁረጥ። ያለዚያ መጨረሻው ጥርስ ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም።

ሲሊኮኑ የተጣበቀብህ ሲሊኮን ከሲሊኮን ጋር ስለሚጣበቅ ነው። ሁለተኛውን ግማሽ ከማፍሰስህ በፊት የመጀመሪያው ላይ ስስ ቫዝሊን በብሩሽ፣ ጥግ ጥጉ ሳይቀር።

አሁን አረፋው። ያለ ማሽን ይቻላል ግን ትዕግስት ይፈልጋል። ሞልዱ ውስጥ የህጻን ፓውደር ነስንስና አራግፈህ አውጣው፣ ነጭ ጭጋግ የመሰለ ነገር ብቻ ይቅር፣ ሬዚኑ ጥርሱ ውስጥ ተስቦ እንዲገባ ያደርገዋል። የኢፖክሲውን ሬዚን ጠርሙስ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆይተው ይቀጥናል (ማድረቂያውን ተወው)። ቀስ ብለህ አማስል፣ እንደ እንቁላል አትምታው። ከዛ መጀመሪያ ጥርሱን በብሩሽ ቀባ ቀባ አርገው እንጂ ቀጥታ አትሙላ፣ ብሩሹን ወደየጥርሱ ጥግ ወጋ ወጋ እያረክ። የቀረውን ከከፍታ እንደ ክር አቅጥነህ በአንድ ቦታ ብቻ አፍስስ ራሱ ዞሮ ይሙላ።

ጣት የሚይዘው ወይ ልኩ ተዛብቷል ወይ ቀለሙ በዝቷል ወይ በርዶታል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ልክ በመጠን ይሁን በክብደት አረጋግጥ ሁለቱ አንድ አይደሉም። የኩባያውን ጎንና ጥግ ካልፋቅክ ያልተቀላቀለው እዛ ይቀራል እሱ ነው ሞልዱ ውስጥ የሚገባው። ውሃ ያለው ቀለም ከጨመርክበትም አይደርቅም። በክረምት ሌሊት ደግሞ ካርቶን ውስጥ አምፖል አብርተህ አሳድረው።

የሚገባውን መጠን ለማወቅ ባዶውን ሞልድ ጤፍ ሙላው። ውሃ እርጥበት ይተዋል፣ ጤፍ ግን እየፈሰሰ ጥርሱ ድረስ ይገባል፣ መልሰህ መርፌ ውስጥ ገልብጠው ስንት ሚሊ እንደሆነ ታየዋለህ። በዚህ ልክ አንዱ ጎማ ወደ 16 ሚሊ ሊትር ነው የሚፈጀው። ከዛ በደረቅ ብሩሽ ጥረግ አንድ ፍሬ እንዳይቀር።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ቶርኖ ቤት ያለው ልክ ነው ግን በኢፖክሲው ላይ አልስማማም። 16 ጎማ እያንዳንዱ 24 ሰዓት ሲጠብቅ መቼ ሊያልቅ ነው? ፖሊዩሬቴን ሬዚን ፈልግ፣ ሁለት ጠርሙስ እኩል በእኩል የሚቀላቀል፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከሞልድ ታወጣዋለህ። ችግሩ ሁለት ነው፣ አንዱ ከቀላቀልክ በኋላ ያለህ ጊዜ ሁለት ሶስት ደቂቃ ብቻ ነው፣ ሌላው እርጥበት ጠላቱ ነው። ኩባያው ትንሽ ላብ ካለው ውስጥ ለውስጥ ይነፋል ዳቦ ነው የሚሆነው። ክረምት ላይ ጠርሙሱን ከፍተህ አትተው። ጓንትና የተከፈተ መስኮት የግድ ነው፣ ሽታው ቀላል መስሎ ሳንባ ይጎዳል፣ ልጆች ባሉበት ቤት አይሰራም።

የሲሊኮኑን አይነትም እይ። ፕላቲነም የሚባለው ሞልዱ ብዙ ጊዜ ያገለግላል ግን ሰልፈር ካገኘው ጭራሽ አይረጋም፣ አንዳንድ ፕላስቲሲንና የላቴክስ ጓንት ሰልፈር አለባቸው። ቲን የሚባለው እንዲህ አይመርጥም፣ ትንሽ ይኮማተራል እንጂ። ለመጀመሪያህ ቲኑን ያዝ።

ደግሞ የኪቱን ለስላሳ ጎማ ስለተውከው ደስ ብሎኛል። እኔ የዛሬ ስንት ዓመት የሰራሁት ትራክ ሳጥን ውስጥ ቆይቶ ሳወጣው ቪኒል ጎማው የፕላስቲክ ቸርኬውን እንደ ሰም አቅልጦት ነበር፣ ጎማውን የሚያለሰልሰው ኬሚካል ወደ ፕላስቲኩ ስለሚዘልቅ ነው። ጠንካራ ሬዚን ይሄ የለበትም።

እኔ አረፋውን በፕሬዠር ነው የምገላገለው፣ ሞልዱን ሞልቼ ለቀለም የሚሰራ የብረት ታንክ ውስጥ 3 ባር አየር እሞላበታለሁ፣ አረፋው ተጨምቆ በአይን የማይታይ ይሆናል። ሲሊኮኑም በዛው ፕሬዠር ውስጥ መድረቅ አለበት፣ ያለዚያ ሲሊኮኑ ውስጥ የተደበቀው አረፋ ሲጨመቅ ጎማህ ላይ ብጉር ያወጣል።

የተሳቢ ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁም፣ በጣም ነው የጠቀማችሁኝ። ሰፈራችን ጎሚስታ አለ ኮምፕሬሰሩን ተጠቀም ብሎኛል፣ ታንክ ግን የለኝም። የወጥ ፕሬዠር ድስት ላይ ቫልቭ ብገጥምለት አይሆንም?

ከሲልቨር ስፕሪንግ

አይሆንም! እንዳትሞክረው። ድስቱ የተሰራው ለ1 ባር ገደማ ነው፣ አንተ 3 ልትሞላበት ነው፣ ክዳኑ ከተነሳ ሰው ይገላል። እውነቴን ነው ምልህ።

ቶርኖ ቤት

እኔም አይሆንም ነው የምልህ። ከፈለክ የሲሊኮኑን አየር በቫኪዩም ማውጣት ይቻላል፣ ከተጣለ ፍሪጅ የወጣ ኮምፕሬሰር በመሳቢያው በኩል ይሰራል፣ እኔ እሱን ነው የምጠቀመው። ግን አንድ ነገር ልንገርህ ምክንያቱም እኔን አንድ ወር አሰቃይቶኛል፣ መመሪያው ላይ ጌጁ ወደ 0.95 ባር ይድረስ ይላል የኔ ግን ከ0.75 አላልፍ ብሎ ሊኬጅ ፍለጋ ቱቦ በሙሉ ቀያየርኩ። ለካ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ራሱ ከባህር ጠለሉ ሩብ ያህል ይቀንሳል፣ ጌጁ ደግሞ የሚያሳየው ከውጭው አየር ያለውን ልዩነት ነው። 0.75 እዚህ ሙሉ ቫኪዩም ማለት ይቻላል። ጌጁን ተወውና ሲሊኮኑን እይ፣ አብጦ አብጦ ከዛ ወደ ቦታው ሲወርድ በቃ ጨርሷል። እቃው ደግሞ ሰፊ ይሁን፣ አራት እጥፍ ያብጣል።

የጣርማበር ሹፌር

ልጆቼ ደህና ናችሁ ወይ። እኔ ሬዚን የምትሉትን አላውቅም፣ ልጄ ነው ይህን ያሳየኝ፣ ኤንትሬን ግን 19 ዓመት ነድቻለሁ ስለ ጎማው የምላችሁ አለኝ።

ኤንትሬ ጭነት ይዛ ከነተሳቢዋ ስትቆም የኋላ ጎማዋ ክብ አይደለም። ከታች በኩል ጎኑ ወጣ ይላል፣ መሬት የነካው ደግሞ ጠፍ ይላል። ሰው የሰራውን ትንንሽ መኪና አይቻለሁ ሁሉም በጥፍሩ የቆመ ነው የሚመስለው ባዶ መኪና ነው። የአባትህ መኪና ጭነት ከያዘች ይሄን ሳታሳይ እንዳታልፍ።

ሌላው ቀለበቱ ነው። ያኔ ካላማዳሪ ያለው ጎማ ስለነበር ቸርኬው ባለ ቀለበት ነው፣ ዙሪያውን የሚይዘው ብረት አንድ ቦታ ላይ የተሰነጠቀ ክፍተት አለው። ጎሚስታ አየር ሲሞላ ቀለበቱ በደንብ ካልገባ ይወነጨፋል፣ እኛ ፈንጠር ብለን ነበር የምንቆመው፣ የሞተበት ሰው አይቻለሁ። ይህን ክፍተት በስስ ብትሰራው የሚያውቅ ሰው ያይልሃል።

በመንታው ጎማ መሃል ደግሞ ድንጋይ ይሰነቀራል። ካላወጣኸው ሁለቱንም ጎማ ነው የሚበላው። አፋር ሜዳ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ እየቆምን በመዶሻ መታ መታ እያረግን ድምጹን እናዳምጥ ነበር፣ አየር የጎደለው ድምጹ ይደነዝዛል። ታኮውንም አትርሳ፣ ዳገት ላይ ረዳቱ ይዞት የሚሮጠው እሱን ነው። አባትህን ሰላም በልልኝ፣ ምናልባት ሚሌ ላይ አብረን ሻይ ጠጥተን ይሆናል።

የተሳቢ ልጅ

ጋሼ እድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ የጻፉትን ለአባቴ ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። ቀለበቱ ጋ ስደርስ አስቁሞኝ እሱም ኮምቦልቻ ላይ ያየውን ነገረኝ፣ እስከዛሬ አውርቶልኝ አያውቅም ነበር።

ሶስት ሳምንት ፈጀብኝ ግን ወጣ። ማስተሩን ከአክሪሊክ አስጠረብኩ 46.6 መጣ፣ ጥርሱን በወረቀት ከፋፍዬ ቆረጥኩ። ለኋላው ሌላ ማስተር አወጣሁ፣ ከስሩ 1.5 ሚሊ በሞረድ ጠፍ አርጌ ጎኑን በስቱኮ አበጥኩት። ልዩነቱ በወረቀት ትንሽ ነው ግን መኪናዋ ስር ሳስጠጋው ወዲያው ከበደች። ስለዚህ ጎማው አንድ ሳይሆን ሁለት ማስተር ሆነ፣ ስኮርታውና የፊቱ ከክቡ ነው። ቀለበቱን ከቀጭን የመዳብ ሽቦ ጠምጥሜ ክፍተቱን ተውኩለት።

ለጊዜው በኢፖክሲው ነው የቀጠልኩት፣ ፓውደርና ብሩሽ ነው ያዳነኝ። ትናንት ያወጣሁት ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው እሱም ወደ ውስጥ በሚዞረው ጎን። ለአባቴ ሰጠሁት፣ በአውራ ጣቱ ዙሪያውን ዳሰሰው፣ ጠፍ ያለው ላይ ሲደርስ ቆመና "ይሄ የኋላ ነው" አለኝ። ምንም አልነገርኩትም ነበር።

አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ቀለም ከመቀባቴ በፊት ፓውደሩን በምን ላጥበው?

ቶርኖ ቤት

በላርጎና በድሮ የጥርስ ብሩሽ፣ ለብ ባለ ውሃ፣ ጥርስ ጥርሱን። ሙሉ ቀን ይድረቅ ከዛ ፕራይመር። ድፍን ጥቁር እንዳትቀባው ጥቁር ግራጫ ይሁን፣ ጎኑ ላይ ነጣ ያለ አቧራ፣ ጥርሱ አናት ላይ ግን አቧራ አታድርግ አስፋልት ይጠርገዋል። ድንጋዩን ደግሞ መንታውን ከማጣበቅህ በፊት አስገባው በኋላ አይገባልህም።