ፊዚክስ የሚወድ፣ አቅም የሌለው ወንድሜ የት ይግባ? (ከድሬዳዋ)

እህቱ ከገንደ ቆሬ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ታናሽ ወንድሜ ምክር ፈልጌ ነው። ዘንድሮ 12ኛ ክፍልን በተፈጥሮ ሳይንስ ተፈትኖ ከ600 412 አመጣ። ፊዚክስ ነፍሱ ነው። የሰፈር ልጆችን በነፃ የሚያስጠናው እሱ ነው፤ የተበላሸ ሬዲዮና ቻርጀር ሲፈታ ነው የሚውለው።

አባታችን በሕይወት የለም። እናታችን ባጊያና ሻይ ትሸጣለች። እኔ ሱቅ ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ ከእሱ በታች ደግሞ ሁለት ተማሪዎች አሉ። በየወሩ ይህን ያህል እልክልሃለሁ ብዬ ቃል የምገባለት ገንዘብ የለኝም።

የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሊሞላ ነው። አንደኛ ምርጫው ማን ይሁን? እዚሁ ድሬ፣ ሐረማያ፣ ወይስ አዳማና አዲስ አበባ? ኮስት ሸሪንግ የሚባለው ነገርም እናቴን አስፈርቷታል፤ «ልጄን ባለዕዳ አላደርግም» ብላለች። በዚህ መሀል አንድ የግል ኮሌጅ እየደወለ ኮምፒውተር ሳይንስ አስመዝግቡት ይለናል። ጎረቤቱ ደግሞ «ፊዚክስ ተምሮ ምን ሊበላ ነው?» ይላል። እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ።

የሳቢያን ልጅ

አቦ እንኳን ደስ አላችሁ! በ2016 ዓ.ም. ከተፈተነው ተማሪ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 5.4 በመቶ ብቻ ነበር። 412 ያመጣ ልጅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በሩ ተከፍቶለታል። የግል ኮሌጁን እርሺው። እዚህ ያሉት የሚያስተምሩት አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ጤና፣ ኮምፒውተር ነው፤ ፊዚክስ ብሎ ነገር የለም። ክፍያው በየወሩ፣ ምግቡም መኝታውም ከእናንተ ኪስ ነው የሚሆነው።

ጡረተኛ የፊዚክስ መምህር፣ ሐረር

ልጄ፣ በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁንልሽ። ትምህርት ሚኒስቴር የሚመድበው ዩኒቨርሲቲውን ነው እንጂ ዲፓርትመንቱን አይደለም። ፍሬሽማን ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተመለሰ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ነው፤ ጄኔራል ፊዚክስም እዚያው ውስጥ አለ። ዲፓርትመንት የሚመረጠው ከዚያ በኋላ በውጤት ነው። ፊዚክስን ብዙ ተማሪ ይሸሻል። ስለዚህ ወንድምሽ ፊዚክስ እንዳይደርሰው አትስጊ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። ጥሩ ውጤት ሲያመጣ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ አንዳንዴም መምህር ሳይቀር «በዚህ ውጤት ፊዚክስ? ሕክምና ግባ እንጂ!» ይለዋል። በዚህ ግፊት ያልወደዱት ቦታ ገብተው ከስመው የቀሩ ጎበዝ ተማሪዎቼን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ከጎኑ የሚቆምለት ሰው ያስፈልገዋል፤ ያቺ ሰው አንቺ ብትሆኚ ደስ ይለኛል።

ወደ ምርጫው ልምጣ። እኔ ብሆን ሐረማያን አንደኛ፣ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲን ሁለተኛ አደርጋለሁ። ሐረማያ በ1940ዎቹ የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረ ነባር ግቢ ነው። ዛሬ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው ከተለዩት 8 ተቋማት አንዱ ነው። ፊዚክስን እስከ ማስተርስ ያስተምራል። ይህ ለዲግሪ ተማሪም ትልቅ ጥቅም አለው፤ የማስተርስ ተማሪ ባለበት ዲፓርትመንት የሚያማክር መምህርና የሚጠየቅ ሲኒየር አይጠፋም። መንገዱም ሩቅ አይደለም። ደንገጎን ወጥቶ ወደ ሐረር ሲኬድ መሀል ላይ ነው። ለበዓል ቢመጣ፣ እናቱ ብትታመም፣ በሚኒባስ ደርሶ ይመለሳል። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ከድሃ የገጠር ቤተሰብ ወጥተው እዚያው ግቢ ነው የተማሩት፤ በማሽላ ምርምራቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ወሰዱ። ሙያቸው ፊዚክስ አይደለም፤ ግን ወንድምሽ ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመ ስለሆነ ወጣት ነው። መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ቅርበቱ ራሱ ገንዘብ ነው። ግን ቤት እያደረ ይማር ብላችሁ እንዳታስቡ። ጠባብ ቤት ውስጥ፣ ታናናሾቹ እየተጫወቱ፣ ካልኩለስ አይጠናም። ድሬ ቢደርሰውም ዶርም ይግባ።

ቅጹ ከመሞላቱ በፊት አንድ ቀን ሐረማያ ሄዶ የፊዚክስ ተማሪዎችን ያነጋግር። «ላብ አላችሁ ወይ?» ብሎ ብቻ አይጠይቅ። «ባለፈው ሴሚስተር በእጃችሁ የሠራችሁት የትኛውን ሙከራ ነው?» ይበል። የተቆለፈ ላብ ያለው ግቢና ተማሪ የሚሠራበት ላብ ያለው ግቢ አንድ አይደሉም።

ኮስት ሸሪንግ ከፍዬ የጨረስኩ

ለእማማ እንዲህ ብለሽ አስረጂልኝ። በ1996 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረ አሠራር ነው። ልጁ በሚማርበት ጊዜ ለትምህርቱ፣ ለመኝታውና ለካፌው ከእጁ አያወጣም። በየዓመቱ ውል ይፈርማል፤ ውሉ ላይ የምግቡና የመኝታው ወጪ፣ ከትምህርቱ ደግሞ ከፊሉ ይሰፍራል። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፈላል። ተቀማጭ የሚጠይቅ የለም። እማማ ባጊያ ከምትሸጥባት ብር የሚነካ ነገርም የለም።

ማወቅ ያለባችሁ፣ ሲመረቅ የሚሰጠው ቴምፖ፣ ማለትም ጊዜያዊ የምስክር ወረቀት ነው። ኦሪጅናል ዲግሪው ዕዳው ሲያልቅ ይመጣል። ቴምፖው ለሥራ ያገለግላል። የፈረመበትን ውል ኮፒ በየዓመቱ ያስቀምጥ፤ ሲከፍል ሒሳቡ ላይ ጭቅጭቅ ቢነሳ እሷን ነው የሚያሳየው።

አዳማ ነኝ

አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲንም አስቡት። አፕላይድ ፊዚክስ አለው። ከአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ጋር የራሳቸው መግቢያ ፈተና አላቸው፤ ምዝገባው በኦንላይን ስለሆነ ማስታወቂያው እንዳያመልጣችሁ ተከታተሉ። ሳይንስ ላይ ያተኮረ ግቢ ስለሆነ ከእሱ ጋር የሚሮጡ ልጆች ያገኛል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ በራሱ ፈተና ነው የሚቀበለው። እዚያ ግን በመንግሥት ስፖንሰር የሚገባና በራሱ ከፍሎ የሚገባ ስላለ፣ የትኛው እንደደረሰው ሳያረጋግጥ ሻንጣ እንዳያነሳ።

መምህሩ

አዳማን አልቃወምም። ቢፈተን ምንም አይጎዳም፤ ካለፈ ምርጫው ይሰፋለታል። ትራንስፖርቱንና የከተማውን ኑሮ ግን አስሉት።

ሐረማያ፣ 3ኛ ዓመት ፊዚክስ

እህቴ፣ እኔም ከእንዲህ ዓይነት ቤት ነው የመጣሁት። እውነቱን ልንገርሽ፤ ግቢ «ነፃ» ቢባልም ጥቃቅን ወጪ አለ። ሀንድአውት ኮፒ፣ ሳሙና፣ የስልክ ካርድ፣ ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር። ካልኩሌተሩን ከሚመረቅ ሲኒየር በርካሽ ይግዛ። ላፕቶፕ ለመጀመሪያው ዓመት አያስፈልግም፤ ኋላ ፕሮግራሚንግ ሲመጣ የግቢው ኮምፒውተር ክፍል አለ። መጽሐፍ እንዳይገዛ፤ ኦፐንስታክስ የሚያወጣቸው የፊዚክስ መማሪያዎች በነፃ ይወርዳሉ።

ካፌ ይብላ። ነን ካፌ ሆኖ (በግቢው ምግብ ፈንታ ብር እየተቀበለ) ብሩን ለቤት ልላክ ያለ ጓደኛ ነበረኝ፤ በባዶ ሆዱ ክላስ መግባት ጀመረ፣ ውጤቱም ወረደ። ወንድምሽ ቤት ለመርዳት ብሎ ይህን እንዳያደርግ ከአሁኑ ንገሪው።

ከቀበሌ የአቅም ማነስ ማስረጃ ያውጣና ይያዝ። የተማሪዎች በጎ አድራጎት ክበብ አለ፤ ልብስና ደብተር የሚያገኙ ልጆች አሉ። አያፍርም፣ ሁላችንም የመጣንበትን እናውቃለን።

የድሬን ሙቀት ለምዶ ነው የሚመጣው። እዚህ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ነን፤ ማታ ይበርዳል። ወፍራም ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ ጃኬት። ሌላው ጫት ነው። አወዳይ አጠገባችን ነው። «ለጥናት ነው» ብለው የሚጀምሩ ልጆች መጨረሻቸውን አይቻለሁ። ብሩም ጊዜውም እዚያ ነው የሚያልቀው።

ትምህርቱ ላይ የሚጥለው ፊዚክሱ ሳይሆን ማትሱ ነው። እስኪጠራ ድረስ ትሪጎኖሜትሪና ዴሪቬቲቭ ይከልስ።

እህቱ ከገንደ ቆሬ

እግዜር ይስጣችሁ። ለእማዬ ስለ ኮስት ሸሪንግ የተጻፈውን ሁለቴ አነበብኩላት፤ ትንሽ ቀለል ብሏታል። የቀረችኝ የጎረቤቱ ጥያቄ ናት። ተመርቆ ሥራ ያገኛል ወይ?

ፊዚክስ ተምራ ማስተርስ የጨረሰች

ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ አብዛኞቻችን የገባነው መምህርነት ነው። የፊዚክስ መምህር የማይፈልግ ወረዳ የለም፤ ደመወዙ ግን ትንሽ ነው። በሜትሮሎጂና በሥነ ልክ ተቋማት የተቀጠሩም አሉ። ሰፊው በር የሚከፈተው ማስተርስ ላይ ነው። የካንሰር ጨረር ሕክምና ያለ ሜዲካል ፊዚሲስት (የጨረሩን መጠን የሚያሰላ ባለሙያ) አይሠራም፤ የጨረር ሕክምና ማዕከል እንዲኖራቸው ከታቀደላቸው ሆስፒታሎች አንዱ ሐረር ያለው ሕይወት ፋና ነው። ሰማይ የሚስበው ከሆነ እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ።

ለድሃ ልጅ ደግሞ ፊዚክስ አንድ ትልቅ ነገር አለው። ጎበዝ ከሆነ ሙሉ ወጪውን ችለው የሚያስተምሩት ቦታዎች አሉ። ጣሊያን ትሪየስት ያለው የአብዱስ ሳላም ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ የፊዚክስ ሰዎች ነው። ዲግሪ ለያዙ የ1 ዓመት ዲፕሎማ አለው፤ የኑሮውን ጭምር ይሸፍናል። ኪጋሊ ያለው እህት ተቋሙ ማስተርስ ያስተምራል። ኤይምስ የሚባለው የአፍሪካ የሒሳብ ተቋምም እንዲሁ ስኮላርሺፕ ይሰጣል። ሁሉም የሚያዩት ጂፒኤ (የዩኒቨርሲቲ አማካይ ውጤት) እና የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ስለዚህ ከፍሬሽማን ጀምሮ ውጤቱን ይጠብቅ፤ ቢያንስ ሁለት መምህራን በስሙ እስኪያውቁት ድረስ ቢሯቸው እየሄደ ይጠይቅ። እንግሊዝኛውንም አይርሳ፤ ማመልከቻው ሁሉ በእሱ ነው።

እህቱ ከገንደ ቆሬ

ቅዳሜ ከእሱ ጋር ሐረማያ ልንሄድ ነው። ሐረማያ አንደኛ፣ ድሬ ሁለተኛ ብለን ተስማምተናል፤ የአዳማንም ፈተና ይፈተናል። ሦስተኛ ምርጫና ከዚያ በታች ግን ዝም ብሎ ይሙላ ወይስ ለውጥ አለው?

መምህሩ

ለውጥ አለው። አንደኛው ካልደረሰው የታችኛው ነው የሚደርሰው። ፊዚክስ ያለበትን እያጣራችሁ፣ ወደ ቤት በሚቀርበው ቅደም ተከተል ሙሉ። ቅዳሜ ስትመጡ ደግሞ የመግቢያ ማስታወቂያውን ጠይቁ፤ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ ከ9 እስከ 12 ያለው ትራንስክሪፕትና ጉርድ ፎቶ ይጠየቃል። ትራንስክሪፕቱን አሁኑኑ ከትምህርት ቤቱ ያውጣ። መስከረም ላይ ሰልፉ ብዙ ነው።