አምባዛ የወረረውን ወንዝ በዓሣ ማጥመድ ውድድር ማጽዳት ይቻላል?

የኤረር ልጅ (ሐረር)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከሐረር ቁልቁል ወደ ኤረር ሸለቆ ሲወረድ የአጎቴ የጫትና የማንጎ ማሳ አለ። ከሥሩ አንዲት ትንሽ ወንዝ ታልፋለች። ክረምት ትሞላለች፣ በጋ ትቆራረጥና አምስት ስድስት ኩሬ ብቻ ይቀራል። ልጆች ሆነን ድንጋይ ላይ የሚለጠፉ፣ ጣት የማያህሉ ዓሦች በነጠላ እንይዝ ነበር። ዛሬ እነሱን ማየት ብርቅ ሆኗል፤ ያለው አምባዛ ነው። ከላይ በኩል ያሉ ጎረቤታችን ኩሬ ቆፍረው አምባዛ ያረቡ ነበር። የዛሬ ሦስት ዓመት ጎርፍ ኩሬውን ጥሶ ዓሣውን ይዞ ወረደ።

ከሰፈር ልጆች ጋር የካቲት ላይ አንድ እሁድ የማጥመድ ውድድር ልናዘጋጅ ነው። መግቢያ 50 ብር፣ ትልቁን አምባዛ ላወጣ አንድ በግ። ይሠራል ወይስ ድካም ብቻ ነው? ፈቃድ ከማን ይጠየቃል? የወጣውን ዓሣስ ምን እናድርገው? አንድ ልጅ ብርብራ (ዓሣ የሚገድለውን የዛፍ ፍሬ) ወቅጠን እንጨምርና እንገላገል ብሏል።

ከዚራ ጥላ ሥር (ድሬዳዋ)፦ ከመጨረሻው ልጀምር። ብርብራውን እርሱት! አምባዛውን ሳይለይ ያንን የምትናፍቀውን የድንጋይ ዓሣ አብሮ ይጨርሰዋል። ከታች ከብት የሚያጠጣ፣ ውሃ የሚቀዳ ሰው የለም እንዴ?

ውድድሩ ግሩም ነው፣ በጉ ግን ስህተት ነው። «ትልቁን ላወጣ» ካልክ ሰው ሁሉ ትልቅ ትልቁን ይፈልጋል፣ ትንሹን ወደ ውሃ ይመልሳል። ትልልቆቹ ሲወጡ ደግሞ ትንንሾቹ ምግቡም ቦታውም ይሰፋላቸውና ቶሎ ያድጋሉ። በዓመቱ እዚያው ናችሁ። በጉን በጠቅላላ ኪሎ ብዙ ላወጣ ቡድን ስጡ። ሌላ ሽልማት ደግሞ በቁጥር ብዙ ትንንሽ ላወጣ። ልጆች በዚህኛው ያሸንፋሉ፣ በትንሽ ቀዳዳ መረብ እነሱን የሚያህል የለም።

ሳቢያን ነኝ (አሁን ኢሊኖይ)፦ አቦ፣ ይህን ሳነብ ያለሁበት አገር ትዝ አለኝ። እዚህ ኢሊኖይ ወንዝ ላይ ባዝ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ከ2005 (በፈረንጅ) ጀምሮ እንደ እናንተ ዓይነት ውድድር ታደርጋለች። ዓሣው ሲልቨር ካርፕ ይባላል፣ የእስያ ዓሣ ነው። የጀልባ ሞተር ሲሰማ ከውሃው እየዘለለ ይወጣል፣ ሰው በእጅ መረብ አየር ላይ ይቀልበዋል። ፊቱን የተመታም አለ። አመጣጡ ቁርጥ የእናንተ ታሪክ ነው፦ በ1970ዎቹ (በፈረንጅ) ኩሬ እንዲያጸዳ ወደ አሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች አስገቡት፣ ከኩሬ አምልጦ ሚሲሲፒ ገባ፣ ከዚያ ሽቅብ ወደ ኢሊኖይ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ውድድሩ ዓሣውን አላጠፋውም። ያ ግን ትልቅና የማይቆራረጥ ወንዝ ነው፤ ዛሬ ብታወጣ ነገ ከታች ሌላ ይመጣል። የእናንተ ወንዝ በበጋ አምስት ስድስት ኩሬ ብቻ ከሆነ፣ እዚህ ያሉት የሚቀኑበት ዕድል በእጃችሁ ነው።

መጋላ በር፦ እኔ ደግሞ ተቃውሞ አለኝ። ድሬ በ2022 በፈረንጅ አቆጣጠር በዚያ አዲስ ትንኝ፣ ስቴፈንሲ በሚሉት፣ ምክንያት በበጋ በወባ ስትታመስ ረሳችሁት? ዓሣ የትንኝ እጭ ይበላል። ዓሣውን ጨርሳችሁ ወባ እንዳትጠሩ።

ዓሣና ውሃ (ባለሙያ ነኝ)፦ መጋላ በር፣ ስጋትህ ተገቢ ነው፤ ግን ያ ትንኝ በጣም የሚወደው ሮቶ፣ በርሜልና የግንባታ ጉድጓድ ነው። አምባዛ እዚያ የለም። ደግሞ ትንንሾቹ የአገር ዓሦችም እጭ ይበላሉ፤ እነሱ ከተመለሱ ወንዙ ያለ ጠባቂ አይቀርም።

አሁን ወደ ጠያቂው። አንደኛ፣ አምባዛ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። ኤረር የሚገባበት ዋቢ ሸበሌ ውስጥ አለ። ለእናንተ የላይኛው ጅረት ግን እንግዳ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ከኤረር እናጥፋው» አትበሉ፤ ዓላማችሁ እነዚያ ኩሬዎች ይሁኑ። እንግዳ ዓሣ መልቀቅ የቆየ አመል ነው፦ ካርፕ በጣሊያን ዘመን አባ ሳሙኤል ግድብ ገባ፣ ትራውት ከኬንያ መጥቶ ባሌ ወንዞች ውስጥ ተለቀቀ።

ሁለተኛ፣ ድንጋይ ላይ ይለጠፋል ያልከው በሳይንስ ስሙ ጋራ ነው (ከኛ ጋራና ሸንተረር ጋር አታምታታው)። ከአገጩ ሥር መለጠፊያ ክብ አለው። አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ አፉ ዙሪያ ስምንት ጢም አለው። ቅርፊት ያለውና ጢሙ አራት ብቻ የሆነ ከወጣ ቢልጫ የሚባለው የአገር ዓሣ ሊሆን ይችላል፣ ወዲያው ይመለስ። መመዝገቢያው ቦታ ላይ ሥዕል ለጥፉ፣ በጊዜው ሰው ይደናገራል።

ሦስተኛና ዋናው፦ ያ የጎረቤታችሁ የማርቢያ ኩሬ ዛሬም አለ? አሁንም ዓሣ ካለበትና መውጫው ክፍት ከሆነ ውድድሩ በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው። መጀመሪያ መውጫው ላይ ጠንካራ ወንፊት ይግባ፣ ዳሩም ከጎርፍ ከፍ ይበል። አምባዛ አየር ስለሚተነፍስ በእርጥብ ሣር ላይ እየተሳበ ከኩሬ ኩሬ ይሻገራል፣ ጭቃ ውስጥም ብዙ ይቆያል። ኩሬ ሲደርቅ አለቀ ብላችሁ እንዳትሄዱ፣ ጭቃውን ቆፍሩ።

የካቲት ያልከው ጥሩ ነው። የሚራባው ዝናብ ሲጀምርና ውሃው ሣር ላይ ሲወጣ ነው፤ ከበልጉ በፊት ብታወጡት እንቁላሉን ጭምር አወጣችሁ።

ፈቃድ፦ የወረዳችሁ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ በደብዳቤ አሳውቁ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የሚባለውን ይዛችሁ ሂዱ። መርዝና ፈንጂ ክልክል ነው፣ ስለዚህ ብርብራ ያለው ልጅ ይስማ።

ከዚራ ጥላ ሥር፦ አንድ ልጨምር። ለአንድ ዓሣ ይህን ያህል ብር ብላችሁ እንዳትከፍሉ። ሰው ከሌላ ቦታ ገዝቶ ያመጣል፣ የባሰበት ደግሞ ለከርሞው ብሎ ራሱ ያረባል። ሕይወት ያለው አምባዛ ከወንዙ አይውጣ፣ እዚያው ይታረድ። በባልዲ ይዞ ሄዶ ሌላ ጉድጓድ ውስጥ የሚለቅ አይጠፋም።

አባ ጀጎል፦ ልጆቼ፣ መብላቱን ማንም አላነሳም። እኛ ጋ አብዛኛው ሰው የሻፍዒ መዝሀብ ተከታይ ሙስሊም ነው፣ የውሃ ዓሣ ሐላል ነው፣ ቅርፊት የለውም ብሎ የሚተው የለም። ክርስቲያኖቹ ወንድሞቻችን ውስጥ ግን አምባዛን በዚሁ ምክንያት የማይበሉ አሉ። እዚያው ጥብስ ሲደረግ ማንንም አታስገድዱ፣ ሻይና ዳቦም ይኑር። ከክንፉ ሥር ያለው እሾህ እጅ ይወጋል፣ በጨርቅ ይያዝ። አንጀቱን ወንዝ ዳር አትጣሉ፣ ቅበሩት። ካልቀበራችሁት ጅቡ ማታ ይመጣል፤ የሐረር ጅብ እንደሆነ ግብዣ አይንቅም።

መጋላ በር፦ ቀስ ብሎ በሚፈስ ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣ ካለ ቢልሃርዚያ አለ ብላችሁ አስቡ። ቦቲ ጫማ የሌለው ልጅ ዳር ሆኖ በመንጠቆ ያጥምድ።

የኤረር ልጅ፦ ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ጎረቤታችን ጋ ሄድኩ። ተቆጥተው ያባርሩኛል ብዬ ነበር። ኩሬው ውስጥ አሁንም ዓሣ አለ፣ መውጫው አንድ ቱቦ ነው፣ ወንፊት የሚባል ነገር የለበትም። «እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ዓሣዬን ጎርፍ ወሰደብኝ፣ ለኔም ኪሳራ ነው» አሉኝ። ወንፊቱን ከመግቢያ ብሩ ላይ እኛ እንገዛለን፣ ድንጋይና ሲሚንቶ እሳቸው። በጉ ለቡድን ሆነ፣ ለትንሽ ዓሣ ቆጣሪ ልጆች ደግሞ ኳስ። ውድድሩ አንድ እሁድ ሳይሆን ሦስት ተከታታይ እሁድ ይሆናል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ለአምባዛ የሚሻለው ማጥመጃ ምግብ ምንድን ነው?

ዓሣና ውሃ፦ የዶሮ አንጀት ወይም ጉበት፣ ሲሸት ይሻላል። የምሽቱን ሰዓት ምረጡ፣ በጨለማ ነው የሚንቀሳቀሰው። ከየኩሬው የወጣውን ለየብቻ መዝኑና ጻፉ፤ በሦስተኛው እሁድ ያለፈውን ያህል ከወጣ፣ ገና ብዙ ቀርቷል ማለት ነው።