ጋርሚን ላይ የጫንኳቸው ቦታዎች ከአገር ወጡ፤ ስሞቹም ጥያቄ ምልክት ሆኑ

አራዳ_ሞተር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለዕቃ አድራሾች የሚሆኑ 60 ገደማ ቦታዎች፣ ከፒያሳ እስከ ለገሃር፣ በኤክሴል ጽፌ ሲኤስቪ (አምዶቹ በኮማ የሚለዩ ተራ የጽሑፍ ፋይል) አድርጌ፣ በፒኦአይ ሎደር (የራስን ቦታዎች መጫኛ የጋርሚን ፕሮግራም) ጋርሚን ጂፒኤሴ ላይ ጫንኩ። ሎደሩ አንድም ስህተት አላሳየም። መሣሪያው ላይ ግን ርቀቱ በሺህ ኪሎ ሜትር ነው፤ ስሞቹም ???? ሆነዋል። አንዱ ረድፍ ይኸው፦
9.01060,38.76110,መስቀል አደባባይ ፓርኪንግ
ሲስተካከልስ ለሌሎች ሾፌሮች የትኛውን ፋይል ልላክ?

ካርታ_ቤት፦
አምዶቹን ገልብጠሃል። ጋርሚን መጀመሪያ ኬንትሮስ (የምሥራቅ-ምዕራብ ቁጥር)፣ ቀጥሎ ኬክሮስ (የሰሜን-ደቡብ ቁጥር)፣ ከዚያ ስም፣ በመጨረሻ ማብራሪያ ነው የሚፈልገው። ጉግል ካርታ ላይ ኮፒ ስታደርግ ኬክሮሱ ስለሚቀድም ሁሉም እዚህ ላይ ይሳሳታል። የአንተ ነጥብ አሁን ያለው ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ፣ ከሰርዲኒያ ደሴት ትንሽ ወደ ደቡብ ነው። ሁለቱም ቁጥር ትክክለኛ ስለሆነ ሎደሩ ምን ብሎ ይቃወም? ለአዲስ አበባ የመጀመሪያው አምድ ሁሌም በ38 ይጀምራል፦
38.76110,9.01060,መስቀል አደባባይ ፓርኪንግ
አምስት አኃዝ ከነጥብ በኋላ አይቅር፤ አንድ ሜትር ያህል ነው። በሦስት አኃዝ ከ50 ሜትር በላይ ልትስት ትችላለህ፤ ፒያሳ ላይ ያ ሌላ መንገድ ነው።
ጥያቄ ምልክቱ የኤክሴል ሥራ ነው። ተራውን ሲኤስቪ ሳይሆን ዩቲኤፍ-8 (የግዕዝ ፊደልንም የሚይዝ አጻጻፍ) የሚለውን ሲኤስቪ መርጠህ ሴቭ አድርግ። የተበላሸው ፋይል ፊደሉ ጠፍቷል፣ ከዋናው ኤክሴል ጀምር። ከዚያ በኋላ ባዶ ሳጥን ካሳየህ መሣሪያው የግዕዝ ፊደል የለውም ማለት ነው፤ ስሙን በላቲን ጻፈው።

ለገሃር፦
በኖትፓድ የምታርም ከሆነ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልስ። በአማርኛ ኪቦርድ የተጻፈ «፣» አምድ አይለይም፤ ሲታይ ግን ደህና ይመስላል። ስሙ ውስጥ ተራ ኮማ ካለ ደግሞ ሙሉ ስሙን በ"" ክበበው።
ሌላው፣ ነጥቡን የሕንጻው መሐል ላይ አታስቀምጥ። መሣሪያው የሚወስድህ ለነጥቡ ቅርብ ወደሆነው መንገድ ስለሆነ በጓሮ በኩል ያደርስሃል። በሩ ላይ፣ ያውም መኪና በሚገባበት አቅጣጫ አድርገው፤ አካፋይ ባለው መንገድ ላይ ከተሳሳትክ ዞረህ መምጣት ነው። ፒያሳና ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ብዙ ስለተለወጡ የቆየ ነጥብ ሳታይ አትጫን።

ካርታ_ቤት፦
የምትልከው ሲኤስቪውን ነው። ሎደሩ የሚያወጣው ጂፒአይ ፋይል ለመሣሪያው የተዘጋጀ ስለሆነ ሌላው ሰው በቀላሉ ማረም አይችልም። የፋይሉ ስም መሣሪያው ላይ የምድቡ ስም ስለሚሆን ሦስት ምድብ ከፈለግህ ሦስት ፋይል አዘጋጅ። ምልክት ካለህ በፋይሉ ስም 24 በ24 ፒክስል ቢኤምፒ አድርገው፤ ቴሌግራም ላይ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላከው፣ አለዚያ ይጨመቃል።
ሎደሩ በተጫነ ቁጥር የቀድሞውን እንደሚተካ ንገራቸው። የቆየውም አዲሱም አንድ ፎልደር ውስጥ ሆነው አብረው ይጫኑ።

አራዳ_ሞተር፦
ተስተካክሏል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከአሮጌ የቶፖግራፊ ካርታ ያነበብኳቸው አምስት ነጥቦች ግን አሁንም ፈንጠር ብለዋል።

ካርታ_ቤት፦
እነዚያ በአዲንዳን መነሻ (የቆዩ የኢትዮጵያ ካርታዎች ቦታን የሚለኩበት ሥርዓት) የተሠሩ ናቸው፤ ጋርሚን የሚፈልገው ደብሊውጂኤስ 84 የተባለውን የጂፒኤስ መነሻ ነው። ልዩነቱ ከ100 ሜትር ይበልጣል። አምስት ብቻ ከሆኑ መለወጡ አያዋጣም፣ በሳተላይት ምስል ላይ በሩን ፈልገህ እንደገና አንብባቸው።